ፊውዙ ኪሴ ውስጥ ነው

ባለፈው ጥር ኮዬ ፈጬ ልጄ ቤት ሰነበትኩ። ልጄ ሔለን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ደረጃውን እየተነፈስኩ ወጥቼ ገና ነጠላዬን ሳላስቀምጥ የልብስ ማጠቢያ ማሽኗ ጲጵ ጲጵ ማለት ጀመረ።

«እማዬ፣ ይኼ ማሽን ደግሞ ተበላሸ!» አለችና ሶኬቱን ልትነቅል እጇን ሰደደች።

«ቆይ፣ ምን እያለ ነው?» አልኳት።

«ምን ይላል፣ ኢረር ነዋ የሚለው።»

«ኢረር ብሎስ ምን?»

ሳቀችብኝ። መነጽሬን አድርጌ ጎንበስ ስል በትንሿ መስኮት ላይ አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር ይበራል ይጠፋል። መመሪያውን ከቁም ሣጥን ሥር አስፈልጌ ገጹን አወጣሁት። ውሃ አልገባልኝም ነው የሚለው። ቧንቧውን ስትከፍተው እውነትም ጠብ የሚል ነገር የለም። የሰፈሩ ውሃ ጠፍቶ ኖሯል።

«ታዲያ ውሃ የለም አይልም እንዴ በአማርኛ?» አለች ልጄ። ሁለታችንም ሳቅን። እሷ ባልዲ ይዛ ወደ ጎረቤት ስትወርድ እኔ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ሐሳቤ ግን ኮዬ ፈጬ አልቀረም። ሱሉልታ ሄደ፤ ከሱሉልታ ወጣ ብሎ ወዳለው ሜዳ፣ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ጉታ ወደ ቆመባት የቆርቆሮ ቤት።

ያን ጊዜ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት መውጣቴ ነበር። የወላጆቼ ቤት ቡራዩ ነው፣ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ፣ ክረምት ሲሆን ባሕር ዛፉ ሌሊቱን ሲጮህ የሚያድርበት ሰፈር። ሥራ ያገኘሁት ደግሞ ሰበታ። ካርታ ላይ ላያቸው ጎረቤት ይመስላሉ፤ በታክሲ ግን ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ ወደ መሀል ወርዶ፣ እንደ ገና ዓለም ገናን አልፎ ነው። ከጎህ በፊት ካልተነሣሁ አልደርስም። ያን መንገድ ዛሬ ሳስበው ድካሙ አይታወሰኝም። የሚታወሰኝ የሰበታ ጉም ነው፤ ከጂማ በኩል የሚመጡት የጭነት መኪኖች ከነጋም በኋላ መብራታቸውን እንዳበሩ ሲገቡ፣ መንገድ ዳር የሚጠበሰው በቆሎ ጢስና የሱቃችን የቫርኒሽ ሽታ ሲደባለቁ።

ሱቁ የአቶ መኩሪያ ነበር። የተቃጠለ ሞተር እንጠቀልላለን፣ የውሃ ፓምፕ እንጠግናለን። አቶ መኩሪያ ረጋ ያሉ፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው ከፍ የማይል ሰው ናቸው። ሠራተኛ ሴት መቅጠራቸው ሰውን ሁሉ ሲያስገርም እሳቸው ግን ካቻቢቴና ፒንሳ ሰጡኝና «ጠረጴዛሽ ያውልሽ» ከማለት ሌላ ምንም አላሉኝም።

ጉታ ከእኔ በፊት ነው የተቀጠረው። የሱሉልታ ገበሬ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ የሚጨርስ። ብርዱን ተሸክሞ እንጦጦን አቋርጦ ሲመጣ ጆሮው ቀልቶ ይገባል፤ ከጃኬቱ ኪስ እናቱ የቆላችለትን የገብስ ቆሎ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ያፈሰዋል። «ብይ ዓለም፣ የቡራዩ ሰው ቆሎ አያውቅም» ይለኛል። ሰው ሁሉ ትጋባላችሁ ይለን ነበር። እኛም አልፎ አልፎ ሳናስበው አልቀረንም፤ ግን ሁለታችንም አፍ አውጥተን ተናግረነው አናውቅም።

አንድ ቀን አቶ መኩሪያ ከተዘጋ ፕሮጀክት ጨረታ አንድ ቢጫ መለኪያ ገዝተው መጡ። የሽቦን ልባስ ጤና የሚመረምር መሣሪያ ነው። ሁለት ገመዶቹን ሽቦ ላይ ቆንጥጠሽ ቁልፉን ስትጫኚ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ይልክና ልባሱ የሚያፈስ መሆን አለመሆኑን ይነግርሻል። ችግሩ መመሪያ አልነበረውም። መስኮቱ ላይ የሚያወጣቸውን ፊደላትና ምልክቶች ሁሉ እየተሳሳትን ነው የተማርናቸው።

መጀመሪያ ያስደነገጠን «ኦ ኤል» የሚለው ነው። ጤነኛ ሞተር ላይ ስንሞክረው ቁጥር በመስጠት ፈንታ ሁለት ፊደል አውጥቶ ዝም አለ። ጉታ «ሞተሩ ሞቷል» ብሎ ፈረደና ባለቤቱ እስኪያለቅስ ደረሰ። አቶ መኩሪያ መጥተው አዩና በዚያ ቀስ ባለ ድምፃቸው ሳቁ። ለካ እቃው ማለት የፈለገው «ልባሱ በጣም ጠንካራ ስለሆነ እኔ ከምቆጥረው በላይ ነው» ነው። ከዚያ የተሻለ ወሬ የለም፤ እኛ ግን መርዶ አድርገነው ነበር።

«ሆልድ» የሚለውማ አሳፍሮናል። ቡራዩ ውስጥ ጎን ለጎን ያሉ ቤቶችን ስንለካ ውለን ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ቁጥር ሰጠን። ጉታ «እንዴት ያለ የተስተካከለ ሰፈር ነው!» ብሎ ተደነቀ። ለካ ከመጀመሪያው ቤት ጀምሮ የጉታ አውራ ጣት አንዱን ቁልፍ ነክቶት፣ እቃው የመጀመሪያውን ቁጥር ይዞ ቆሞ ኖሯል።

ያን ዕለት አቶ መኩሪያ ሁለታችንንም አስቀመጡን።

«ስሙ ልጆች፣ ይኼ እቃ ሁለት ዓይነት ወሬ ነው ያለው። ስለ ራሱ ያወራል፣ ስለ ለካው ነገርም ያወራል። ባትሪዬ ደከመ፣ ሆዴ ውስጥ ያለው ፊውዝ ተቃጠለ ካለ ስለ ራሱ ነው። ሌላው ስለ ሽቦው ነው። እናንተ ግን ያልገባችሁን ሁሉ ተበላሸ ትላላችሁ። መጀመሪያ ስለ ማን እያወራ እንደሆነ ለዩ።»

ከዚያ በኋላ ታክሲ ውስጥ እንደ ጨዋታ እንጠያየቅ ነበር። ጉታ «ኦ ኤል?» ይለኛል፤ «ከምቆጥረው በላይ፣ ተመስገን» እላለሁ። «ሆልድ?» ስለው «አውራ ጣትህን አንሣ» ይላል። ተሳፋሪው ዞሮ ያየናል፤ ረዳቱ የኛን ጨዋታ ለመስማት ሂሳብ መሰብሰቡን ይረሳል።

ሱሉልታ የሄድነው ከፋሲካ በኋላ ባሉት ጾም በሌለባቸው ሳምንታት ነው። የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ሜዳው ቢጫ ሆኗል፤ ክረምት ሲገባ ባሕር የሚመስለው ያ ሁሉ ሣር እግር ሥር ይንኮሻኮሻል። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ መንደር የጉድጓድ ውሃ ፓምፑ ቆሞበት ሰዉም ከብቱም ተቸግሯል። አቶ መኩሪያ ገላን ከተማ ሌላ ሥራ ስለነበረባቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻችንን ላኩን። ጉታ አገሩ ስለሆነ ደረቱን ነፍቶ ነው የሄደው። እኔም በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ከመውጣታችን በፊት የቢጫውን መለኪያ ባትሪዎች በገዛ እጄ በአዲስ ቀየርኩ።

የውሃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ኦቦ ቱሉ መንገድ ላይ ወጥተው ተቀበሉን። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ተደግፈው፣ «አካም ጅርቱ!» አሉ። ከኋላቸው ሴቶች ባዶ ጀሪካን ይዘው ተደርድረዋል፤ አህዮች አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል።

የፓምፑ ቤት ሁለት ሰው ከሥራ ዕቃው ጋር በግድ የምትይዝ የቆርቆሮ ቤት ናት። ስንገባ ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ተቃጥሎ ጠቁሯል። ከምሰሶው የሚመጣውን ሽቦ በእሱ ማጥፋት ስለማይቻል፣ ከመብራት መሥሪያ ቤቱም ፈቃድ ይዘን ስለመጣን፣ ጉታ ትራንስፎርመሩ ጋ ሄዶ ለዚያ መስመር መብራት የሚሰጡትን ፊውዞች ነቅሎ ጃኬቱ ኪስ ከተታቸው። ሌላ ሰው መልሶ እንዳይሰካቸው አቶ መኩሪያ ያስተማሩን እንደዚያ ነው። ተመልሶ መጥቶ ሽቦውን ለካው፤ መብራት የለበትም። የተቃጠለውን ማብሪያ ማጥፊያ ፈታነው። ሞተሩን በቢጫው መለኪያ ስንፈትሽ «ኦ ኤል» አለ።

ኦቦ ቱሉ በሩ ላይ ቆመው «ምን አለ?» ብለው ጠየቁ።

ጉታ ቀና ብሎ «ከምቆጥረው በላይ ደኅና ነው ይላል፣ አባ!» አላቸው። ሴቶቹ እልል አሉ።

የቀረን ከምሰሶው ወደ ቤቷ የሚገባውን ሽቦ መፈተሽና አዲሱን ማብሪያ ማጥፊያ መግጠም ነበር። ግን ምሳ ደርሷል፤ የኦቦ ቱሉ ባለቤት ደግሞ «ኮታ፣ ኛዳ!» ኑ፣ ብሉ እያሉ እጃችንን ይዘው ጎተቱን። የሽቦውን ጫፎች አራርቀን እንደተንጠለጠሉ ተውናቸውና ሄድን። ጭኮ ነበር፣ በቅቤ የራሰ፣ ጣት ላይ የሚቀልጥ፤ ከጎኑ በቅል የቀረበ እርጎ። ጉታ እንደ ቤቱ ልጅ ሆኖ በላ። እኔም በላሁ፤ ያን ጭኮ የሚያህል ነገር ከዚያ በኋላ የቀመስኩ አይመስለኝም። ኦቦ ቱሉ ስለ ጉታ አያት እያወሩ እያሳቁን ትንሽ ሳንዘገይ አልቀረንም።

ስንመለስ ፀሐዩ የቆርቆሮዋን ቤት እንደ ምድጃ አግሏታል። ጉታ የመለኪያውን ቆንጣጮች ተንጠልጥለው በነበሩት ሽቦዎች ላይ ሰካ። ቁልፉን ገና ሳይጫነው እቃው መጮህ ጀመረ። መስኮቱ ላይ አይተነው የማናውቀው ነገር ወጣ፤ ጎን ለጎን ሁለት ቀስቶች፣ አጠገባቸው እንደ መብረቅ የተሰበረች መስመር፣ ይበራል ይጠፋል።

ጉታ በመዳፉ ጎኑን መታ መታ አደረገው። እውነት ለመናገር ከወር በፊት የአንዱ ገመድ ውስጡ ተበጥሶ ያለ ምክንያት ሲጮህብን ሰንብቶ ነበር፤ እስኪጠገን ድረስ በጥፊ ነበር የምናሠራው።

«ዛሬም አበደ» አለ።

«ባትሪ ይሆን?»

«ባትሪ ነዋ።»

«ትናንት ነው የቀየርኩት። የባትሪ ምልክት ደግሞ ጥግ ላይ ነው የሚወጣው፣ ይኼ እሱ አይደለም።»

«እንግዲያው ቆንጣጩ በደንብ አልያዘም። ሽቦው ተበታትኗል፣ ላጠንጥነው» አለና ቆንጣጮቹን አነሣ። ጩኸቱ ቆመ። ተንበርክኮ የተበታተኑትን የመዳብ ክሮች በጣቶቹ ሊገምዳቸው እጁን ዘረጋ።

ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ ዛሬም በቅጡ አላውቅም። የጃኬቱን ኮሌታ በሁለት እጄ ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኩት። በቂጡ ዱብ አለ።

«ምን ሆነሻል?» ብሎ ጮኸ። ከውጭ የሴቶቹ ወሬ ጸጥ አለ።

«አትንካው። እቃው የሚለው አልገባኝም።»

«ዓለም፣ ፊውዙ ኪሴ ውስጥ ነው!» አለና ኪሱን መታ መታ አደረገው፤ ተንቋቋ። «ከምሳ በፊት ለክቼዋለሁ፣ አንቺም አይተሻል። መብራት ከሰማይ ይመጣል እንዴ?»

«አላውቅም።»

«ካላወቅሽ ልቀቂኛ! ሰዉ ውሃ እየጠበቀ ነው።»

«ስለማላውቅ ነው የማልለቅህ» አልኩት። ኮሌታውን እንደ ያዝኩ ነበር። የአገሩ ሰው ሁሉ እያየ ሴት ልጅ መሬት ላይ ጥላው ነበርና ጉታ ፊቱ ጠቆረ። ቢሆንም ቁጣውን ዋጠና «ይሁን፣ በሌላው ለኪውና ይውጣልሽ» አለኝ።

ከቦርሳዬ ትንሹን የእጅ መለኪያ አወጣሁ። የመብራት ጉልበት መለኪያው ላይ አዞርኩት፤ ሁለቱን መርፌዎች በላስቲካቸው ይዤ ሽቦዎቹን አስነካሁ። ቁጥሩ ዘሎ ወጣ። ቤት ውስጥ ካለ ሶኬት የሚወጣውን ያህል ነበር፤ ዝቅ ይላል፣ ከፍ ይላል፣ እንደሚያቃስት ሰው።

ጉታ ቁጥሩን አየ። እጆቹን አየ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ ፊውዞቹን ከኪሱ አወጣና መዳፉ ላይ ዘርግቶ ተመለከታቸው፤ ሦስቱም አሉ።

ያኔ ነው ድምፁ የተሰማን። ከሜዳው ማዶ ዱግ ዱግ ዱግ የሚል። ከምሳ ስንመለስም ይሰማ ነበር፤ ገጠር ለገባ ሰው ግን የወፍጮ ድምፅ እንደ ዶሮ ጩኸት ነው፣ ማንም ልብ አይለውም።

ኦቦ ቱሉን «ምንድን ነው እሱ?» አልኳቸው።

«የወይዘሮ አስካለ ወፍጮ ነው። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ያስነሣሉ» አሉ።

ለካ መብራቱን ያጠፋነው እኛ ነን። ፊውዙን ስንነቅል በዚያው መስመር ላይ ያለው ወፍጮ ቆመ፤ ወፍጮው ሲቆም፣ ሁልጊዜ እንደሚደረገው ጀነሬተሩ ተነሣ። ጀነሬተሩ ደግሞ ከመስመሩ የሚለየው መቀየሪያ ሳይደረግለት እንዲሁ ነበር ከቤቱ ሽቦ ጋር የተገናኘው። ወፍጮውን ብቻ ሳይሆን መስመሩን በሙሉ ይመግባል፤ እኛ ጭኮ ስንበላ መብራቱ በጓሮ በር ዞሮ ቆርቆሮዋ ቤት ገብቶ ጉታን ይጠብቀው ነበር።

ኦቦ ቱሉ በኦሮምኛ አንድ ቃል ጮኹና አንድ ጎረምሳ ሜዳውን በሩጫ ተሻገረው። ድምፁ ቆመ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ትንሽ ቆይቶ ወይዘሮ አስካለ ራሳቸው ዱቄት በዱቄት ሆነው እየሮጡ መጡ። ከሰሜን መጥተው እዚያ ብዙ ዘመን የኖሩ ነጋዴ ናቸው፤ ወፍራም፣ ወርቅ ጥርስ ያላቸው። ነገሩን ሲነግሯቸው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«በሞቴ፣ ልገድለው ነበር?» አሉ። «እኔ ምን አውቄ? መብራት ሲሄድ አስነሡት እላለሁ፣ ሲመጣ አጥፉት እላለሁ። የእናትህ አምላክ ነው ያተረፈህ፣ ልጄ!»

ከሰዉ መካከል ማጉረምረም ተነሣ፤ አንዳንዱ ሊሰድባቸው ጀምሮ ነበር። ጉታ ግን ብድግ ብሎ ሄደና በክንዳቸው ደግፎ አነሣቸው። ዱቄቱ ጃኬቱ ላይ ቀርቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሽቦውን እንደ ገና ለክተን፣ ፈትሸን፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ገጠምን። ጉታ ካቻቢቴውን ለእኔ ሰጠኝ፤ ብሎኖቹን ያጠበቅኳቸው እኔ ነኝ። ጉታ ፊውዞቹን መልሶ ሲሰካ ፓምፑ አጉረመረመና ቧንቧው ሳለ፤ መጀመሪያ ዝገት፣ ከዚያ ጭቃ፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ። አህዮቹ ከሰዉ ቀድመው ገቡ።

ወደ ማታ በሚኒባስ እንጦጦን ስንወጣ ጉታ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። ባሕር ዛፉ ውስጥ ስንገባ ዞሮ፣

«ያንን ምልክት አውቀሽው ነው አይደል?» አለኝ።

«የቱን?»

«ቀስቶቹን። ሽቦው መብራት አለበት ማለት እንደሆነ አውቀሽ ነው የጎተትሽኝ።»

«አላወቅኩትም። ማርያምን አላወቅኩትም፣ ጉታ።»

ለረጅም ጊዜ አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። ሳቀ፣ ሳቀ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ፊቱን በጃኬቱ እጅጌ ሸፈነ። ትከሻው መንቀጥቀጡን ሲቀጥል ሳቅ አለመሆኑ ገባኝ። ረዳቱ ሂሳብ ሊጠይቅ መጥቶ አየንና አለፈን።

በማግሥቱ አቶ መኩሪያ ሁሉንም ሰሙ። «ልጆቼን ብቻቸውን ልኬ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከሽቦ አጠገብ ለአፍታም የተለየ ሰው ሲመለስ እንደ ገና ካልለካ እንዳይነካ ሆነ። ጉታ በሳምንቱ ወደ ሱሉልታ ሄዶ ለወይዘሮ አስካለ ጀነሬተር መቀየሪያውን ራሱ ገጠመላቸው። ሌላ ሰው እንዲሄድ ብንለውም እምቢ አለ።

እኔና ጉታ አልተጋባንም። እሱ አገሩ ተመልሶ የራሱን ሱቅ ከፈተ፤ እኔ ሰበታ ቆይቼ የሔለንን አባት አገኘሁ። ያን ቀን አንሥተን ተጫውተን አናውቅም። ስንገናኝ ስለ ልጆች፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ አቶ መኩሪያም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እናወራለን።

ከኮዬ ፈጬ በተመለስኩ በሳምንቱ ሱሉልታ ሠርግ ተጠርቼ ሄድኩ። የጉታ የመጀመሪያ ልጅ ተዳረች። ሜዳው አሁን ሕንፃና መጋዘን ሆኗል፤ ድንኳኑ የተተከለው በሁለት ግንብ አጥር መካከል ነው። ጉታ ጸጉሩ ነጥቷል፤ ሲያየኝ በእንግዳው ሁሉ መካከል አልፎ መጣና ከዘመዶቹ ጎን አስቀመጠኝ። ባለቤቱ ሳህኔን በእጇ ሞልታ አመጣችልኝ። ጎንበስ ስትል ጆሮዬ ላይ፣ «የፓምፑን ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረኝ፣ ገና ስንጋባ» አለችኝና እጄን ጨብጣ ሄደች።

ቁጭ ብዬ ድንኳኑን አየሁት። የሚጨፍሩትን ወንዶች ልጆቹን፣ በወንበር መካከል የሚሯሯጡትን ሕፃናት፣ ድንኳኑን የሞላውን ሳቅ። እኔ ያን ቀን አዋቂ አልነበርኩም፤ ያልገባኝን ነገር ተበላሸ ብዬ ለማለፍ ፈራሁ እንጂ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ነገር አዋቂ ነኝ ብያለሁ፣ ብዙ ጊዜም ተሳስቻለሁ። እንደዚያ ቀን ፍርሃቴ ግን የጠቀመኝ ነገር የለም።

ሙሽራይቱ ታዳሚውን እየዞረች ስትስም እኔም ጋ ደረሰች። የአባቷ አፍንጫ ነው ያላት፣ ሳቋም የሱ ነው። «እንኳን በደኅና መጡ፣ እማማ» ብላ ጉልበቴን ስማኝ አለፈች። የአባቷ የድሮ የሥራ ባልደረባ መሆኔን ነው የምታውቀው። ሌላውን አልነገርኳትም፤ ቬሏ ወንበር እንዳይዘው ከኋላዋ አንሥቼ አሳለፍኩላት።